ሰፈሩን የወለደ ሆስፒታል፦ የአለርትና የዘነበወርቅ ታሪክ

(ይህ ጽሑፍ ለሰፈራችን ወጣቶች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክየዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከፊት ለተቀመጣችሁ እማማዎችና አባባዎች ቅድሚያ ሰላምታ ይድረሳችሁ። ዛሬ የማወራው ታሪክ ግማሹ የእናንተ ነው። ስሳሳት «ኧረ እንዲህ አልነበረም» ብላችሁ አቋርጡኝ። አልቀየምም።

ወጣቶቹን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሜክሲኮ ታክሲ ስትይዙ ረዳቱ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ! የሞላ!» ይላል። ዘነበወርቅ ማን ናት? እጅ ያወጣ የለም። እኔም በእናንተ ዕድሜ አላውቅም ነበር። ሰፈር እንጂ ሰው አትመስለኝም ነበር።

ልዕልት ዘነበወርቅ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት። ገና በልጅነቷ ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተዳረች። ከጋብቻዋ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ባልየው በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ፣ ገና በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ለጠላት አደረ። እሱ በታሪክ የሚነሳው በዚህ ነው። የእሷ ስም ደግሞ ማንም ሊጠጋቸው የማይፈልጋቸው ሰዎች በሚታከሙበት ቤት ላይ ቀረ። ከሁለቱ የትኛው ስም እንደተሻለው ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

በስሟ የተጠራውን፣ ዛሬ አለርት የምንለውን ሆስፒታል ያቋቋመው ቶማስ ላምቢ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና ሚሲዮናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ከሱዳን በኩል ወደ ወለጋ፣ ሳዮ ገባ። ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ሠራ። ያኔ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ቅርብ ነበር። ከዚያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የሚባለው የሚሲዮን ድርጅት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ እንዲገባ መንገድ ከፈተ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ተሠራ። ሰውየው ኢትዮጵያዊ ዜግነት እስከ መውሰድ ደርሷል። በጣሊያን ወረራ ጊዜም አዲስ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ ነበር። ከወረራው በኋላ ያደረገው ነገር ብዙ ያነጋግራል። እሱን ዛሬ አልነካውም። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። እኔ መሄድ የምፈልገው ብዙ ወዳልተጻፈላቸው ነው።

ለሕክምናው ግን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሐረር ላይ የካፑቺን መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1901 የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፍተዋል። ከዚያም በፊት ሕሙማን የሚሰበሰቡት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየጠበሉ ነበር።

አሁን ቦታውን በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። ቀለበት መንገድ የለም። አየር ጤና የለም። ኮንዶሚኒየም የለም። በጅማ መንገድ በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ነው። ለምን እዚህ ተሠራ ብትሉ መልሱ አጭር ነው። ከሰው እንዲርቅ። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዋጠው እንጂ ሆስፒታሉ ወደ ከተማው አልመጣም።

ሰው ለምን ያን ያህል ፈራ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ይሄን ካልተረዳን ሰፈሩ እንዴት እንደተፈጠረ አይገባንም።

ሥጋ ደዌ አይገድልም ማለት ይቻላል። የሚያስፈራው ሲያቆስልና መልክ ሲለውጥ ስለሚታይ ነው። የሚያመጣው ባክቴሪያ በጣም ቀርፋፋ ነው። ራሱን ለማባዛት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች ይሄን በደቂቃዎች ይሠሩታል። ስለዚህ ሰው በሽታው ከያዘው በኋላ ምልክት እስኪታይበት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ያልፋል። ታዲያ ከማን እንደያዘው ማን ያውቃል? ማንም። ክፍተቱን ወሬ ሞላው። አንዱ ዘር ነው አለ። አንዱ እርግማን ነው አለ። አንዱ የኃጢአት ቅጣት ነው አለ።

ላሊበሎችን ታስታውሳላችሁ? ማለዳ፣ ጎህ ሳይቀድ በየበሩ እየዘፈኑ የሚለምኑትን። ሰው ዘፈኑን ከተዉ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ብሎ ያምን ነበር። ራሳቸውም ያምኑ ነበር። የበሽታው ፍርሃት ምን ያህል በሰው ልብ ውስጥ እንደገባ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ተረታችንም አልማራቸው። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» እንላለን። ዛሬም ይሄን ተረት በቴሌቪዥን ሳይቀር እሰማለሁ። የሚተርተው ሰው ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው፤ ክፋት አስቦ አይደለም። ግን እዚህ ከፊት የተቀመጡት እናቶች ቤት ሆነው እንደሚሰሙት አይጠረጥርም።

በሌላ በኩል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ታስተምራለች። የንጉሥ ልጅ ሆኖ፣ በሠርጉ ሌሊት ቤተ መንግሥቱን ትቶ የወጣ፣ መልኩ ተለውጦ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ የኖረ ቅዱስ ነው። አለርት አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በእሱ ስም መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በ14 ሄዳችሁ እዩ። የሰፈሩ አዛውንቶች የማይመጡበት ወር የለም።

ሕጉስ? ይሄን ሳነብ እኔም ደንግጫለሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋብቻ ሲናገር በሽታውን በስም ይጠቅሰዋል። አንዱ ተጋቢ ሌላው ሥጋ ደዌ እንዳለበት ሳያውቅ ካገባ፣ መሠረታዊ ስሕተት ነው ብሎ ጋብቻው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችል ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስሙን አወጣው። በምትኩ የማይድን ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ ይላል። ሥጋ ደዌ ይድናል። በዘርም አይተላለፍም። ስለዚህ በአንቀጹ ውስጥ ቦታ የለውም። ግን ከ1952 እስከ 1992 አርባ ዓመት ነው። የስንት ሰው ትዳር በዚያ አንቀጽ እንደተነካካ አስቡት።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ።

ታኅሣሥ 2 ቀን 1958 ዓ.ም. አለርት ተመሠረተ። አለርት የእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻር ነው፤ በእኛ ቋንቋ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ነው። «መላ አፍሪካ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ደም ያሞቃል። ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ድርጅቶችና የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የድሮውን የዘነበወርቅ ሆስፒታል ማሠልጠኛ አደረጉት። ከአፍሪካም ከእስያም ሐኪሞችና ነርሶች እየመጡ ተማሩ። ከእኛ ሰፈር ተምሮ የሄደ ሐኪም ስንት አገር እንደደረሰ ለማሰብ ራሱ ይከብዳል።

የተማሩት ምን ነበር? እዚህ ጋ አንድ ሐኪም ልጥቀስ። ፖል ብራንድ ይባላል። እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ ይሠራ ነበር። ከእሱ በፊት ሰው ሁሉ፣ ሐኪሙም ጭምር፣ የሕሙማኑ ጣት በበሽታው በስብሶ የሚወድቅ ይመስለው ነበር። ብራንድ እንደዚያ አይደለም አለ። በሽታው የሚገድለው ነርቭን ነው። ነርቩ ሲሞት ስሜት ይጠፋል። ስሜት የሌለው እጅ ይቃጠላል፣ ይቆረጣል፣ ሰውየው ግን አያውቅም። ማታ ተኝቶ አይጥ ጣቱን ስትበላው እንኳ የማይነቃ ታካሚ ነበር። ብራንድ ታካሚዎቹን ድመት ይዘው እንዲተኙ ማድረጉ የታወቀ ነው። አትሳቁ፣ ሠርቷል።

ይሄን በእኛ ቤት ቋንቋ ላስረዳችሁ። እናት ጀበናውን ከከሰል ላይ በባዶ እጇ ታወርዳለች። አይሰማትም። ማታ መዳፏ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ታያለች። ነገ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ከነገ ወዲያ አጥንት ይደርሳል። ጎረቤት «በሽታው እየበላት ነው» ይላል። የጎዳት ግን የጀበናው እሳት ነው።

ጫማም እንደዚያው ነው። በዚያ ዘመን ድሃ በእግሩ የሚያደርገው በረባሶ ነው። በረባሶ በምስማር ነው የሚያያዘው። ምስማሩ ወጥቶ እግር ሲወጋ እኔና እናንተ ወዲያው እናወልቀዋለን። ስሜት የሌለው እግር ግን ቀኑን ሙሉ በዚያ ምስማር ላይ ይራመዳል። ስለዚህ በአለርት የአጥንት ሕክምናና የጫማ ሥራ ክፍል የሚሠራው ጫማ ምስማር የለውም። ሶሉ ለስላሳ ጎማ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። የስንቱን እግር ከመቆረጥ እንዳዳነ ግን የሚነግሯችሁ ያደረጉት ናቸው። በዚያ ክፍል ከሠሩት ውስጥ ራሳቸው ታክመው የዳኑ ነበሩ። ከሆስፒታሉ ታሪክ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማወራው ይሄን ነው፤ ጫማውን የሚሰፋው ሰው ጫማው ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቀዶ ሕክምናውም ነበር። የታጠፈና የደረቀ ጣት ጤነኛ ጅማት ተዛውሮለት ይዘረጋል። ሰውየው እንደገና ማንኪያ ይይዛል፣ ቁልፍ ይቆልፋል። እንጀራ ይቆርሳል። በእኛ አገር በአንድ መሶብ መቁረስ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በግቢው ጎን የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ገንዘቡን ያመጡት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 በኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ባክቴሪያውን ያገኘው ሐኪም ነው። የሚገርመው ከ150 ዓመት በኋላም ይሄን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ማሳደግ አልተቻለም። ስለዚህ ተመራማሪ ሊያጠናው ከፈለገ በአብዛኛው የሚያገኘው ከታካሚ ነው። ከቆዳ። ከነርቭ። ከደም።

ቆም ብለን እናስብ። እዚህ ስለ ሥጋ ደዌ የተደረሰበት እውቀት የተገኘው ከማን ነው? ከዚህ ሰፈር ሰዎች ገላ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቱ ዳፕሶን ነበር። አንድ እንክብል፣ ርካሽ፣ ለዓመታት አንዳንዴም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ። ዓለም ተስፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን አለርት ውስጥ መጥፎ ዜና ተገኘ። ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕሙማን ላይ ሳይቀር መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ታየ። ይሄ ዓለምን ካስደነገጡት ግኝቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት አንድ መድኃኒት ብቻ መስጠት ይቁም፣ ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን በአንድ ላይ ይሰጡ አለ። ብዙም ሳይቆይ እኛ አገርም ተጀመረ። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና ስድስት ወር ሆነ፤ ለከባዱ ዓይነት መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ ኋላ አንድ ዓመት። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል።

እንግዲህ ሰዎቹ ዳኑ። ታዲያ ለምን ወደ አገራቸው አልተመለሱም?

የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው። ሆስፒታል ሲታቀድ ሰው ይመጣል፣ ይታከማል፣ ይሄዳል ተብሎ ነው። አለርትም በወረቀት ላይ እንደዚያ ነበር። ሰዎቹ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ፣ ከአርሲ መጡ። አንዳንዱ ሳምንታት በእግሩ ሄዶ ነው የደረሰው። ታከመ። ዳነ። «ሂድ» ተባለ። የት ይሂድ? መሬቱን ወንድም ወስዶታል። ሚስት አግብታለች ወይም እንድታገባ ተደርጋለች። እጁ ላይ ያለው ጠባሳ በሽታው ከጠፋም በኋላ ይናገርበታል። ደግሞ ቁስሉ ነገ ቢመለስ ማን ያጥብለታል? ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ጎጆ ቀለሰ። ጎረቤቱም እንደሱ ነው። ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ዕድር አቋቋሙ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ተቀባበሩ። ስለ አብሮ መኖር ስብሰባ ጠርቶ የሚያስተምራቸው አላስፈለጋቸውም።

በምን ይተዳደሩ ነበር? ጥልፍ፣ ፈትል፣ ጫማ፣ ጥበቃ። የአለርት ሴቶች ጥልፍ ፈረንጅ ሳይቀር የሚገዛው ሆነ። ልመናም ነበር፤ አንደብቀው። ከዚያ ደግሞ ቆሼ አለ።

ቆሼን ሳያነሱ ስለ ሰፈራችን ማውራት አይቻልም። የከተማው ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው እዚሁ ጎናችን ነው። ድሃና የተገፋ ሰው የሰፈረበት ቦታ ላይ ከተማ ቆሻሻውን ሲደፋ በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ እኔ አላምነውም። ብዙ ቤተሰብ ከዚያ ክምር ፕላስቲክና ብረት እየለቀመ ልጅ አስተምሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቀበሩ። ከእናንተ ውስጥ የክፍል ጓደኛ ያጣችሁ አላችሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን አልናገርም።

ልጆቹ ደግሞ ሌላ ሸክም ነበረባቸው። ጤነኛ ሆነው ተወልደው፣ ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባሉ «ጦር ኃይሎች አካባቢ» የሚሉ ነበሩ። ውሸት አይደለም፣ አካባቢው ነው። ግን ለምን እንደሚሉት ሁላችንም እናውቀዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ የአለርት ባለሙያዎች ራስን የመንከባከቢያ ቡድኖችን አስጀመሩ። ሰዎቹ ተሰብስበው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ የደረቀውን ቆዳ ይፍቃሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ አንዱ የሌላውን ውስጥ እግር ያያል። ውኃ፣ ድንጋይና ቫዝሊን ነው የሚያስፈልገው። ቁስል እንዳይመለስ ያደረገው ይሄ ነው። ሁለተኛው፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። እስከዚያ ስለ እነሱ የሚናገረው ሐኪም፣ ሚሲዮን ወይም መንግሥት ነበር። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ወንበር ያዙ።

የቀረውን ፈጠን ልበል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ.፣ ሆስፒታሉም የምርምር ተቋሙም ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወሩ። የቆዳ፣ የዓይን፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የድንገተኛ አደጋ ሕክምና ተስፋፋ። ዛሬ አለርት ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይባላል። ኮቪድ ሲመጣ ቶሎ መመርመር ከጀመሩት ላቦራቶሪዎች አንዱ የአርማወር ሃንሰን ተቋም ነበር። ድሮ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ግቢ አሁን ከቦሌ ሳይቀር ለፊት ብጉር ተራ የሚያዝበት ሆኗል። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። አንድ ስጋት ግን አለኝ። ሆስፒታሉ የሁሉም ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ተራ እየራቀ እንዳይሄድ። ለቁስል ማጠቢያ የሚመጡት አዛውንት ከኮምፒውተር ካርድ ጋር ሲታገሉ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ሌላው፣ ግቢ ውስጥና መጽሐፍ ላይ የምናገኘው የሐኪሞችና የለጋሾች ስም ነው። ይገባቸዋል። ግን ጥልፍ ጠላፊዎቹ፣ ጫማ ሰፊዎቹ፣ ቆዳቸውን ለምርመራ የሰጡት የት አሉ? ወጣቶች፣ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አያታችሁን «ከየት መጣሽ? ከማን ጋር መጣሽ? መጀመሪያ የት አደርሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃዷን ጠይቁ ደግሞ፤ መናገር የማትፈልግ አለች፣ መብቷ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነሳ። አንዷ ልጅ የጠየቀችውን እዚህ ልጨምረው፤ «በሽታው አሁንም አለ?» አለች። አለ። ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ.፣ ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ አልፋለች። ሆኖም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። አብዛኛው ሰው ተፈጥሯዊ መከላከያ ስላለው አብሮ በመብላት ወይም በመጨባበጥ አይያዝም። ምልክቱ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ፣ የማያሳክክ የቆዳ ለውጥ ነው። የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። መድኃኒቱ በነጻ ነው። ቶሎ ከተጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ጣትም እግርም አይጎዳም።